ለማክዳ፣ ስለ ካልጋሪ

እንቅልፍ የለም። ቀን ነው፤ መስኮቷን በምግብ መጠቅለያ ፎይል ስለሸፈንኳት ግን ቤቱ ጨለማ ነው፣ የሌሊት ሺፍት የሚሠራ ሰው እዚህ እንዲህ ያደርጋል፣ መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ የበሽተኛ ቤት መስሎኝ ነበር፣ አሁን የእኔ ቤት ነው። ጠዋት ከመጋዘኑ ገባሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ተጋደምኩ፣ ተነሣሁ፣ እንደገና ተጋደምኩ። ትራሴ አጠገብ አንድ ወረቀት አለ። መሐሉን በማስመሪያ ለሁለት ከፍዬዋለሁ፤ ጂኦግራፊ አስተማሪ ስለነበርኩ ያለ ማስመሪያ መስመር ማስመር ያሳፍረኛል። በግራ በኩል «ጥሩ»፣ በቀኝ በኩል «መጥፎ» ብዬ ጽፌያለሁ። ወረቀቱ ለማክዳ ነው፣ ለወንድሜ ለደርበው ልጅ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እዚህ ካልጋሪ ያለ ኮሌጅ ተቀብሏታል፣ እመጣለሁ ወይም እቀራለሁ ብላ ነገ መልስ መስጠት አለባት፣ ከመጣች የምትኖረው ከእኔ ጋር እዚህች ቤዝመንት፣ ከሰው ቤት ሥር ያለች ምድር ቤት፣ ውስጥ ነው። ትናንት የላከችውን የድምፅ መልእክት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። «አክስትዬ፣ ኦነስትሊ ንገሪኝ እሺ? ሹገርኮት እንዳታደርጊው፣ እንዳታሳምሪልኝ። የከተማውን ፕሮስ ኤንድ ኮንስ ጻፊልኝ። አባዬ ‹እሷ ትምጣ ካለች ትሄጃለሽ፣ ትቅር ካለች ትቀሪያለሽ› ብሏል። ስለዚህ ሁሉ ነገር አንቺ ላይ ነው፣ ኖ ፕሬሸር!» ትላለችና ትስቃለች። ሳቋ የእናቴ ሳቅ ነው። ዛሬ ቀትር ላይ፣ እነሱ ጋ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ትደውላለች።

ጥሩ፣ ፀሐይ። ይህን ሳላመነታ ጻፍኩት። በጥር እንኳ አፍንጫ የሚቆርጥ ብርድ እያለ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ደመናማ ከተማ ውስጥ የሚኖሩት በዚህ ይቀኑብናል። መጥፎ፣ ፀሐይዋ ታበራለች እንጂ አታሞቅም፣ በመስኮት አይተሽ ተታለሽ ትወጫለሽ። ጥሩ፣ ጠዋት ከሥራ ስመለስ አውቶቡሱ ሲታጠፍ በምዕራብ በኩል ተራሮቹ ይታያሉ፣ በረዷቸው ሮዝ ሆኖ፣ ተማሪዎቼን «የታጠፉ ተራሮች» እያልኩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስተምራቸው የነበረው ዓይነት። መጥፎ፣ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ አንድ ቀን አልሄድኩባቸውም፣ መኪና የለኝም፣ አብሮኝ የሚሄድም የለኝም። ጥሩ፣ ማንም አይጠይቅሽም። እዚህ ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ማንም አይጠይቅሽም የሚለውን በየትኛው ረድፍ እንደማስገባው አላወቅኩም። በግራ ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት፣ በቀኝ ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት።

ያለፈው እሑድ፣ መልእክቷ ገና ሳይመጣ፣ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ የሀገሬን ልጆች ጠይቄ ነበር። በሰው ፊት መናገር አልወድም፣ ጆሮዬ ይግላል፣ ግን ለማክዳ ብዬ ጠየቅኩ።

«ትምጣ እንጂ፣ ምን ያጠያይቃል!» አለ ቴዎፍሎስ፣ አምና ከከተማው ወጣ ብሎ ቸስተርሚር ቤት የገዛው። «መንገዱ ሰፊ፣ ሕዝቡ ትሑት። እኛ ጋማ ሐይቅም አለን።»

«ስድስት ወር ድንጋይ የሚሆን ሐይቅ» አለችው ሚስቱ አርያም።

«ታዲያ እሄድበታለኋ! ጴጥሮስ እንኳ ሰጥሟል፣ እኔ አልሰጠምኩም።»

ታክሲ የሚነዳው ጉልላት ሳቁን እስኪጨርሱ ጠበቀ። «ስሚኝ እህቴ፣ ካልጋሪ ማለት ደህና ባል ማለት ነው። ያለብስሻል፣ ያበላሻል፣ አይመታሽም። ግን አያናግርሽም።»

«ባልየው አንተ ነሃ!» አለችው አርያም፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ሳቅኩ፣ አፌን በእጄ ሸፍኜ። ጋሼ ታደሰ ብቻ አልሳቁም። የማኅበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ የሞተም የተወለደም በሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው። «ልጅቷ ካንቺ ጋር ነው የምትቀመጠው ምሥራች?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እሰይ። እንግዲህ አንቺም ሰው አገኘሽ።»

ሰው አገኘሽ። ይሄም ረድፍ አጣ። ምክንያቱም መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከካልሲዎቹ ሥር፣ ሰማያዊ የካናዳ ፓስፖርት አለ። ማክዳ አንድ ሳምንት ከኖረች ታየዋለች፣ ክፍሉ አንድ ነው፣ መሳቢያውም አንድ ነው። ቤተሰቦቼ ደግሞ የሚያውቁት ወረቀቴ እንዳላለቀ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዳላለቀ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም፣ አሁንም ለራሴ ስናገረው ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ እየሳብኩ ነው።

መጀመሪያ ውሸት አልነበረም። ሦስት ዓመት ያህል በእርግጥ አላለቀም። እናቴ በየእሑዱ «ወረቀትሽስ?» ትለኛለች፣ ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነ አታውቅም፣ አንዳንዴ የፈተና ወረቀትም ይመስላታል፣ «ቶሎ ቶሎ ብለሽ ጨርሽው እንጂ» ትለኛለች። አንድ ቀን ደብዳቤው መጣ። እዚህች ሀገር መኖር ትችያለሽ፣ ወጥተሽም መግባት ትችያለሽ። ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ አነበብኩት። ያን እሑድ ደወልኩ፣ እናቴ «ወረቀትሽስ?» አለችኝ፣ እኔም «ገና ነው እማዬ» አልኳት። ምክንያቱ ትንሽ ነው፣ ትንሽነቱ ነው የሚያሳፍረው። ወረቀቱ ካለቀ መሄድ አለብኝ፤ ከሄድኩ ኮተቤ ያለ ሰው ሁሉ «መምህርቷ መጣች» ብሎ ይሰበሰባል፣ ምን ትሠሪያለሽ ሲሉኝ ምን እላለሁ፣ ካርቶን አነሣለሁ፣ ስካን አደርጋለሁ፣ አስቀምጣለሁ ልበል? አንድ ዓመት ብቻ። ኮርስ ልጨርስ፣ ሰርተፊኬት ልያዝ፣ ሰው ሆኜ እሄዳለሁ። ጥር ላይ «ለፋሲካ መጥተሽ ባይሽ» አለችኝ። «ወረቀቱ ካለቀ እማዬ።» ደብዳቤው ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ሻይ ፈሶበት ጠርዙ ቡናማ ሆኗል።

ከፋሲካ በፊት ሞተች። ቀኑን አላውቀውም። እናቴ የሞተችበትን ቀን አላውቀውም።

ደርበው በቪዲዮ ደወለ፣ ጢሙ አድጓል፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል፣ ከኋላው ሚስቱ ይርጋለም ታልፋለች፣ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ስልኩን ቶሎ ወደ ግድግዳው አዞረው። እማዬስ? አልኩት። «ጉሮሮዋን አሟት ተኝታለች» አለኝ። ማግስቱን ለጎረቤታችን ለእትዬ ፀሐይወርቅ ደወልኩ። ስሜን ስነግራቸው «ውይ ልጄ! ውይ የኔ ምስኪን፣ ነፍሷን ይማርልሽ፣ አንቺን አንቺን እንዳለች እኮ ነው...» አሉና ቀጥ አሉ። ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ «አልነገሩሽም እንዴ?» ስልኩ ተዘጋ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደርበው ደወለ።

«እትዬ ፀሐይወርቅ ጋ ደውለሽ ነበር አሉ። ምን አሉሽ?»

«አልሰማኋቸውም» አልኩት፣ «ኔትወርኩ ተቆራረጠብኝ።»

ከሆዱ ተነፈሰ። «ተመስገን» አለ። እግዚአብሔርን ለኔትወርክ መበላሸት ሲያመሰግን የሰማሁት እሱን ብቻ ነው።

እኛ መርዶ በስልክ አንነግርም። ሰው ይላካል፣ ሽማግሌ በማለዳ በር ያንኳኳል፣ የሚይዝሽ እጅ አጠገብሽ መኖር አለበት። ብቻዋን ለሆነች፣ ወረቀቷ ላላለቀ ልጅ ደግሞ አይነገርም፤ መጥታ አታለቅስ፣ አፈር አታይ፣ እዚያው ታብድብናለች ይባላል። ስለዚህ ወረቀቴ እስኪያልቅ ጠበቁ። አልቆ የነበረውን ወረቀት። እነሱ የእኔን ወረቀት ይጠብቃሉ፣ እኔ የእነሱን መርዶ እጠብቃለሁ፣ እነሆ ሰባት ዓመት። አሁን አለቀ ብልስ? ብዬ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። ባልኩ ማግስት መርዶው ይመጣል፣ ደርበው አቅፎኝ «እዚህ ሆነሽ ቢሆን ኖሮ፣ ምን ታደርጊ ወረቀቱ ነው» እያለ ያለቅስልኛል፣ እትዬ ፀሐይወርቅ ደረታቸውን ይመቱልኛል፣ ያን ሁሉ ርኅራኄ አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ ማለት ነው። ያን አልችልም። ይልቅ አብሬያቸው ዋሸሁ። ጉሮሮዋ ወደ ጆሮዋ ተዛወረ፣ «ጆሮዋ ደክሟል፣ ስልክ አይሰማትም» አሉኝ፣ «በቃ አታድክሟት» አልኳቸው። በበዓል ስልክ ሲያስጨንቃቸው ይሰማኛል፣ እኔው አስቀድሜ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች አይደል?» እላለሁ፣ «አዎ አዎ» ይላሉ፣ ሁላችንም እናርፋለን። ምናልባት ደርበውም ማወቄን ያውቃል። ምናልባት እሱም እንደ እኔ አፋር ነው።

በሁለተኛው ወር ሥራ ቦታ የሐዘን ፈቃድ ልጠይቅ ብዬ ኮምፒዩተር ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ይሰጣሉ። ፎርሙ ዝምድናሽን ይጠይቃል፣ እናት። ከዚያ የሞተችበትን ቀን። ባዶ ብተወው ቀይ ይሆናል፣ ወደፊት አያልፍም። በግምት አንድ ቀን መረጥኩ፣ አየሁት፣ ሰው ለእናቱ የሞት ቀን አይመርጥም አልኩ፣ ዘጋሁትና ሺፍቴን ገባሁ። ለቤተ ክርስቲያንም ለጸሎት የክርስትና ስሟን ሳስመዘግብ ቄሱ «ወለተ ማርያም፣ አርፈዋል ወይስ በሕይወት ናቸው?» አሉኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር። «ታመው ነው» አልኩ። እዚያ አርባዋ ወጥቷል፣ ተዝካሯ ተበልቷል፣ ሐውልቷ ቆሟል፤ እዚህ ግን ካልጋሪ ውስጥ እናቴ ከሕመምተኞች ጋር እየተጠራች ገና ትድናለች ተብሎ ይጸለይላታል። ይሄ የከተማው ጥሩ ነው መጥፎ?

የሄርሜላን ነገር ደግሞ ለማን ልናገረው። ከአራት ዓመት በፊት ነው፣ ኮርነርስቶን የሚባል ሰፈር ቤዝመንት ውስጥ ሁለት ሆነን እንኖር ነበር፣ እሷ በአንደኛው ክፍል እኔ በሌላው። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በር ተንኳኳ። እዚህ ሀገር ሳይደውል የሚመጣ ሰው የለም። ከፈትኩ። ጋሼ ታደሰ፣ ቴዎፍሎስና አርያም፣ ሁለት ትልልቅ እናቶች፣ አምስት ሆነው በረዶው ላይ ቆመዋል፣ ከጃኬታቸው በላይ ነጠላ ለብሰው፣ ማንም ፊቴን አያየኝም። መጡልኝ። ሰባት ዓመት የምለው ያኔ ሦስት ነበር፣ ሦስት ዓመት ጠብቄያቸው መጡልኝ። «እናቴን!» ብዬ ጮህኩ፣ ጫማው ሁሉ የተደረደረበት ወለል ላይ ወደቅኩ፣ «እናቴን! እናቴን! ሳላያት!» ከውስጤ የወጣው ድምፅ የእኔ አይመስልም፣ ፎቅ ያሉት ሰዎች ወረዱ፣ ሄርሜላ በፒጃማዋ ወጣች። ጋሼ ታደሰ በላዬ ተራምደው እሷን አቀፏት። «አባትሽ፣ ልጄ» አሏት። የመጡት ለእሷ ነበር።

እናቴን ማለቴን ማንም ልብ አላለውም፣ ሰው ሲደነግጥ እናቱን ይጠራል። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን፣ እኔም ተቀመጥኩ፣ ልቅሶዬ አልቆም አለ፣ የመጣው ሁሉ «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው፣ ከእሷ ብሳ አለቀሰች» እያለ አመሰገነኝ። ሄርሜላ አንገቴ ሥር ተሸጉጣ «እንዳንቺ ያዘነልኝ የለም» አለችኝ። አሁን ቶሮንቶ ናት፣ በየዓመቱ በአባቷ ሙት ዓመት ትደውልልኛለች፣ ታመሰግነኛለች። ለቅሶዋን ሰርቄያታለሁ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲበተን ጋሼ ታደሰ ወንበር ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር እያሰሩ ቀና ብለው አዩኝ፣ ብዙ አዩኝ።

«ልጄ፣ እናትሽ ደህና ናቸው?»

በሩ ክፍት ነበር፣ ብርዱ ይገባል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

«ደህና ናቸው ጋሼ።»

«እግዜር ያቆይልሽ» አሉኝና ሁለተኛውን ጫማ አሰሩ።

ፎይሉ ይንቀጠቀጣል። ቺኑክ ገብቷል፣ ከተራሮቹ የሚወርደው ሞቃት ነፋስ፣ ትናንት ከዜሮ በታች ሃያ ነበር፣ ዛሬ የጣራው በረዶ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል፣ ራሴን ሰንጥቆ ያመኛል። ማሞቂያው የሚታዘዘው ከፎቅ ነው፣ ባለቤቶቹ ስለሞቃቸው አጥፍተውታል፣ እኔ ጋ ገና አልደረሰም፣ ሙቀት ወደዚህ ሲወርድ ይዘገያል። ጻፊው እንግዲህ። ጥሩ፣ በክረምት መካከል ድንገት ይሞቃል። መጥፎ፣ እንዳታምኚው፣ የቀለጠው ሲመሽ መስታወት ይሆናል፣ ሰው ወገቡን የሚሰበረው በሞቀ ማግስት ነው።

ትምጣ ብላትስ። ብትመጣ፣ ቦርሳዋን እዚያ ጥግ ታስቀምጣለች፣ ፀጉሯን ስታበጥር እሰማታለሁ፣ አንድ አውቶቡስ ይዘን ሰንሪጅ ሞል ሄደን የክረምት ጫማ አስመርጣታለሁ፣ ሰፊውን ግዢ፣ ካልሲ ይደረብበታል እላታለሁ። ከዚያ አንድ ቀን መሳቢያውን ትከፍታለች። ትክፈተው። ወይም ከዚያ በፊት፣ ዛሬ፣ እኔው ልንገራት። ተነሣሁ፣ ፓስፖርቱን ከካልሲዎቹ ሥር አወጣሁት፣ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። የዜግነቱን መሐላ የማልኩት እዚሁ ነበር፣ በኮምፒዩተር፣ ከላይ ሸሚዝ ከታች ፒጃማ ለብሼ፣ ቀኝ እጄን አንሥቼ። ገጾቹ ባዶ ናቸው፣ አንድም ማኅተም የለባቸውም። «ማክዳ፣ ነይ» አልኩ ድምፄን አውጥቼ፣ ልምምድ፣ «ነይ። አያትሽ እንደሞተች አውቃለሁ።» ክፍሉ ውስጥ ተነገረ። ጣራው አልወደቀም። እንደገና አልኩት፣ ሁለተኛው ቀለለ። ሦስተኛውን ልል ስል ስልኩ ጮኸ።

«አክስትዬ! ቀሰቀስኩሽ?»

«አይ፣ አልተኛሁም።»

«ጻፍሽልኝ? ኖትቡክ ይዣለሁ፣ ሲሪየስ ነኝ ዛሬ።»

«ብርዱ እኮ...»

«ብርዱን ተይው፣ ጃኬት የሚባል ነገር አለ። ሰው አለ ወይ? ላይክ፣ ደስ ይላል? አንቺ ራስሽ ሃፒ ነሽ?»

ማንም አይጠይቅሽም ብዬ ጽፌ ነበር። ጠየቀችኝ። ፓስፖርቱ ላይ እጄን ጫንኩ።

«ማክዳ» አልኩ።

«አቤት።»

«እማማ...» አያቷን እማማ ነው የምትላት።

«እማማ? ደህና ናት!» አለች፣ ወዲያው፣ ትንፋሽ ሳትወስድ። «ሰላም ትልሻለች። ዛሬ በሶ በጥብጬ ሰጠኋት፣ ሁለት ብርጭቆ ጨርሳ ‹ስኳሩ አነሰ› ብላ ተቆጣችኝ፣ አስቢው። እግሯን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ወረቀቷ አለቀ ወይ እያለች ነው።»

አልተደናቀፈችም። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር ያኔ፣ አንድ ሰው አጠገቡ አስቀምጦ አክስትሽ ስትደውል እንዲህ በይ ብሏታል፣ መጀመሪያ ሰሞን «ደህና ናት» ብላ ስልኩን ለአባቷ ትወረውር ነበር፣ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሰምቼዋለሁ፣ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። አሁን በሶውን ራሷ ጨምራበታለች። ስኳሩን ራሷ ጨምራበታለች። እናቴ በሶ ስትጠጣ ስኳር አነሰ ማለቷ እውነት ነው፣ ልጅቷ ከትዝታዋ ቆርሳ ነው ለእኔ የምታጎርሰኝ፣ እንዳልጎዳ። አውቅ ነበር ብላት ሰባት ዓመት በከንቱ ዋሸሽ ማለቴ ነው። አውቅ ነበር፣ አያሻሽም ነበር፣ ልጅነትሽን በእኔ አፍረት ላይ አወጣሽው ማለቴ ነው።

«አክስትዬ? ኔትወርኩ ነው?»

«አለሁ» አልኩ። «ማክዳ፣ አትምጪ።»

«እ?»

«አትምጪ። ጥሩ አይደለም።» ወረቀቱን አንሥቼ አነበብኩላት፣ የቀኙን ረድፍ ብቻ። ፀሐይዋ አታሞቅም። ያለ መኪና የትም አትሄጂም። ሙቀቱ ያታልላል፣ የቀለጠው ይሰብርሻል። ሰው አለ፣ ግን እሑድ እሑድ ነው። የተማርሽው አይቆጠርልሽም፣ እንደገና ከሀ ትጀምሪያለሽ። በሐዘንሽ ሦስት ቀን ይሰጡሻል። ይሄን የመጨረሻውን ለምን እንዳነበብኩት አላውቅም። አንዱም ውሸት አልነበረም። የአስተማሪነት ድምፄ ተመልሶ ነበር፣ የተረጋጋው፣ ልጅ የሚያምነው።

እስክሪብቶዋን ስታስቀምጥ ሰማሁ።

«ኦኬ» አለች። ድምፅዋ አነሰ። «ኦኬ፣ ለአባዬ እነግረዋለሁ። ቢያንስ አንቺ እውነቱን ነገርሽኝ፣ ቴንክ ዩ አክስትዬ። ሌላው ሁሉ ይዋሻል።»

ጣራው ያንጠባጥባል። ከፎቅ አንድ ሰው ከመስኮት ወደ መስኮት ይሄዳል፣ እየከፈተ።

«ወረቀትሽስ ግን?» አለችኝ።

«ገና ነው።»

«አይዞሽ፣ ይደርሳል። እማማንም ታያታለሽ። ላገናኝሽ ነበር፣ ግን ተኝታለች።»

«አትቀስቅሻት» አልኳት።